ከኮሪያኛ ወደ ኮሪያኛ

ጎጃም ደርሼ መመለሴን የሰማ ወዳጅ ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ቃል የሌለውን ቴአትር ምን ብለህ አስተረጎምከው?» ሳቃቸውን እስኪጨርሱ እጠብቅና እነግራቸዋለሁ። ቴአትሩን አላስተረጎምኩም። ያስተረጎምኩት ባልና ሚስቱን ነው፤ ያውም ከኮሪያኛ ወደ ኮሪያኛ። ነገሩ የሆነው መንገዱ ጸጥ ባለበት ሰሞን፣ በኅዳር ነው።

አስቀድሜ ስለ ቴአትሩ ትንሽ ልበል። ኮሪያ የሄድኩት ለፋብሪካ ሥራ ነው፤ አራት ዓመት ብረት ቀብቻለሁ። ስሄድ ቋንቋውን ስለማላውቅ ስድስት ወር ሙሉ አልሳቅሁም። ሌላው ሲስቅ አይቼ ዘግይቼ እስቃለሁ፤ እሱ ደግሞ ሳቅ አይባልም። አንድ እሑድ አለቃዬ ትኬት ሰጠኝና ሴኡል ውስጥ ምድር ቤት ያለች አንዲት ጠባብ አዳራሽ ገባሁ። መድረኩ ላይ ንግግር የሚባል የለም። ከበሮ፣ ድስት፣ ዝላይ፣ እጅና ፊት ብቻ። እዚያ አገር እንዲህ ያሉ ትርኢቶች ብዙ ናቸው፤ የውጭ እንግዳ አስተርጓሚ ሳያስፈልገው እንዲዝናናባቸው የተሠሩ። በግራዬ አንዲት ጃፓናዊት ባልቴት፣ በቀኜ ከየት እንደመጣ ያላወቅሁት ረጅም ፈረንጅ ተቀምጠዋል። ተዋናዩ በባዶ ድስት ሾርባ ሲጠጣ ሦስታችንም እኩል ሳቅን። ከስድስት ወር በኋላ በሰዓቱ ሳቅሁ።

ስለዚህ ከዓመታት በኋላ ከእንዲያ ያለ ትርኢት ሁለት ተዋንያን አዲስ አበባ ሲመጡ የማስተርጎሙን ሥራ ዋጋ እንኳ ሳልጠይቅ ተቀበልኩ። ባልና ሚስት ናቸው። አቶ ቻንግሱ ሃምሳ ስድስት ዓመታቸው ነው፤ ፊታቸው እንደ ሊጥ ይለጠጣል፣ ይሰበሰባል። ወይዘሮ ሚራን በሁለት ዓመት ያንሳሉ፤ ቀጠን ያሉ፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አዲስ አበባ ያሳዩት ትርኢት ሲያልቅ ከፍኖተ ሰላም የመጣች የሺወርቅ የምትባል መምህርት ወደ መድረኩ ጠጋ አለችና «ለእኛስ ልጆች?» አለች። አቶ ቻንግሱ እዚያው እሺ አሉ። ወይዘሮ ሚራን ፈገግ ብለው እጅ ነሱ። ያ ፈገግታ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ መንገድ ላይ ነው።

ማክሰኞ

በኪራይ ሚኒባስ ጎሕ ሲቀድ ወጣን። አቶ ቻንግሱ ከሾፌሩ ጎን፣ ወይዘሮ ሚራን ከኋላ ጥግ፣ እኔ መሐል፣ ከበሮዎቹ ከሁላችንም ኋላ። የዓባይን በረሃ መውረድ ስንጀምር ሙቀቱ መጣ።

«መስኮቱን ይክፈት በለው» አሉኝ ወይዘሮ ሚራን፤ በኮሪያኛ።

ባላቸው ያሉት ከእኛ ሁለት ክንድ ርቀት ላይ ነው፤ ጆሯቸውም ደህና ነው። ትንሽ ጠበቅሁ። አልዞሩም።

«ባለቤትዎ መስኮቱን ቢከፍቱልን ይላሉ» አልኳቸው፤ እኔም በኮሪያኛ።

«ነፋስ ራሷን እንደሚያማት ንገራት።»

ዞር አልኩ። «ነፋሱ እንዳያምዎት ሰግተው ነው።»

«ሰጋሁ አላለም። ሰምቼዋለሁ» አሉ ወይዘሮ ሚራን።

ሾፌሩ በመስታወት አየኝና «ምን እያሉ ነው?» አለኝ። «ስለ መስኮት ነው» አልኩት። ደጀንን፣ ደብረ ማርቆስን አልፈን ለምሳ ደምበጫ እስክንወርድ ድረስ ስለ ውኃ፣ ስለ መነጽር፣ ስለ መሐረብና ስለ አንድ ሙዝ አስተርጉሜያለሁ። ሙዙን እንኳ ያቀበልኩት እኔ ነኝ።

ደምበጫ በአንድ ትሪ ጥብስና ድንች ወጥ ቀረበልን። አቶ ቻንግሱ ከዚያ ጫፍ፣ ወይዘሮ ሚራን ከዚህ ጫፍ እየበሉ መሐሉ ሳይነካ ቀረ። የምግብ ቤቷ ባለቤት ሳህን ልታነሳ መጥታ ትሪውን አየችና «መሐሉን ለማን አስቀመጣችሁት? ሌላ እንግዳ ይመጣል?» አለች። ይህን አላስተረጎምኩትም። አቶ ቻንግሱ የደምበጫ አረቄ ቀምሰው ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ሲገልጡት እንባ ሞልቶበታል። «የእኛ አገር አረቄ ሶጁ የዚህ የልጅ ልጅ ነው» አሉ።

ፍኖተ ሰላም የገባነው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ሆቴሉ የያዘልን ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ ለባልና ሚስት፣ ሌላው ለእኔ። ወይዘሮ ሚራን አንዱን ቁልፍ ተቀብለው ገቡና በሩን ዘጉ። አቶ ቻንግሱ ሻንጣቸውን እንደያዙ ኮሪደሩ ላይ ቀሩ።

እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ ወደ እኔ ጠጋ አለች። «ባልና ሚስት ናቸው አላላችሁንም ነበር?»

«ናቸው።»

«ታዲያ?»

«ናቸው እኮ ነው የምልሽ።»

ሌላ ባዶ ክፍል ስላልነበረ አቶ ቻንግሱ እኔ ዘንድ ገቡ። ቧንቧው ውኃ አልነበረውም። የሆቴሉ ባለቤት፣ አንዲት እናት፣ የሞቀ ውኃ በባልዲ ራሳቸው ይዘው መጥተው፣ ደጅ ላይ አስቀምጠው፣ «እግራቸውን ይታጠቡ፤ ከሩቅ ነው የመጡ» አሉ። አዲስ አበባ ውኃ ሲጠፋ ከሆቴል የሚሰጠን ይቅርታ የሚል ወረቀት ነው።

ረቡዕ

ጠዋት ሚኒባሱ ጎማው ተንፍሶ አገኘነው። የሺወርቅ አልተጨነቀችም፤ ከዋናው መንገድ ጋሪ ጠርታ ከበሮዎቹን ጫነች፣ እኛን ባጃጅ ውስጥ አስገባች። ትልቁ ከበሮ ጋሪው በነጠረ ቁጥር ስለሚያስተጋባ ፈረሱ እየደነበረ፣ ባለጋሪው «ዝም አስብሉልኝ!» እያለ ትምህርት ቤት ደረስን። ከእኛ በፊት ወሬው ደርሶ ነበር።

ትርኢቱ እንዲህ ነው። ባልና ሚስት አንድ ትልቅ ማሰሮ አላቸው። እኔ ልሸከም፣ እኔ ልሸከም ሲሉ ማሰሮው ይወድቃል። ማን ሰበረው? ክርክሩ በከበሮ ነው። እሱ ይመታል፣ እሷ ትመልሳለች፤ እያለ እያለ ምታቸው ሳያውቁት አንድ ይሆናል። መጨረሻ ላይ ባል ይንበረከካል፣ ሚስት አንዲት ስኒ ውኃ አናቱ ላይ ታፈስበታለች፣ ይስቃሉ፣ ያልቃል።

የአዲስ አበባ ተመልካች ስልኩን ከፍ አድርጎ ዝም ብሎ ነበር ያየው። የፍኖተ ሰላም ተመልካች ዝምታ አይችልም። ተዋንያኑ የተዉትን ቃል ራሱ ሞላላቸው። አቶ ቻንግሱ ከበሮ መቱ፤ ከኋላ አንዱ «አንቺ ነሽ እንጂ የገፋሽኝ!» አለ። ወይዘሮ ሚራን መለሱ፤ ሴቶቹ ተማሪዎች ባንድ ድምፅ «ምስክር ጥራ!» አሉ። እኔ ጥግ ቆሜ ሳየው የአስተርጓሚ ጥቅም የለሽነት ተሰማኝ።

የስኒዋ ጊዜ ሲደርስ ወይዘሮ ሚራን ስኒዋን አዩአት፤ አስቀመጧት። ጽዳት ሠራተኛዋ ያስቀመጠችውን ባልዲ አነሡና እስከ መጨረሻው ደፉት። ትምህርት ቤቱ በሳቅ ተናጋ።

አቶ ቻንግሱ ውኃ እያንጠባጠቡ ወደ እኔ መጡ። «ድርሰቱ የሚለው አንድ ስኒ ነው በላት።»

«የጠማው መስሎኝ ነው በለው» አሉ ወይዘሮ ሚራን ከኋላቸው።

የሺወርቅ የራሷን ጋቢ አምጥታ አለበሰቻቸው። ወደ እኔ ዞራ በቀስታ «ደህና ናቸው?» አለችኝ። «ድካም ነው» አልኳት። እሷም መምህር ናት፤ የውሸት መልስ ታውቃለች።

ሐሙስ

የኅዳር ሚካኤል። የሺወርቅ የተወለደችው ከማንኩሳ ወደ ገጠር ገባ ባለች ቀበሌ ነው፤ አጎቷ መሪጌታ ይባቤ እዚያ ቅኔ ያስተምራሉ። በዓል ስለሆነ ገበሬው ሁሉ ሥራ ፈትቶ ይገኛል ብላ ወሰደችን። ሚኒባሱ አንዲት ጅረት ላይ ተቀረቀረ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሰዎች ነጠላቸውን አገልድመው፣ አሥር ሆነው፣ ከነከበሮው አንሥተው አወጡልን። አንድ ሰውዬ የአቶ ቻንግሱን ስም ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። «ጫኔ!» አለ ደስ ብሎት። «እኛም ጫኔ የሚባል አለን።» ከዚያ ወዲህ ጫኔ ሆኑ።

ከደብሩ ትንሽ ራቅ ካለ ወርካ ሥር ትርኢቱን አሳዩ። ክርክሩ ላይ ሲደርሱ የወይዘሮ ሚራን ምት ከሌላው ቀን ይበልጥ ከረረ። አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን ይዘው ተነሡ፤ ሁለት ተከተሏቸው።

«ኧረ ተዉ! በሚካኤል!»

ሮጬ ደረስኩ። «አባቴ፣ ጨዋታ ነው እኮ።»

«ጨዋታ መሆኑ ጠፍቶን ነው? ጨዋታስ ቢሆን በሚካኤል ዕለት ይካረሩበታል? ዞር በል እስቲ።»

ሽማግሌዎቹ መሐላቸው ገቡ። አቶ ቻንግሱ ተመልካች ሲሳተፍ ነፍሳቸው ነው፤ ወዲያው ተንበረከኩ። ሽማግሌው ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ድንጋይ እንደሚሸከም በምልክት ሲያሳዩአቸው ድንጋይ ቢያጡ ትልቁን ከበሮ ማጅራታቸው ላይ አወጡት። ሰዉ በሳቅ ወደቀ። ወይዘሮ ሚራን አልሳቁም። ስኒዋን መሬት ላይ አስቀምጠው ከወርካው ጀርባ ሄዱ። ሰዉ ትርኢቱ ያለቀ መስሎት እልል አለ።

መሪጌታ ቤት ምሳ ተጠርተን ነበር። መሪጌታ ስልሳውን ያለፉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ እንጉዳይ ግን መርጋት የማይሆንላቸው ሴት። ጠላ ተቀድቶ ሳያልቅ መሪጌታ የትርኢቱን ምሥጢር መፍታት ጀመሩ።

«ማሰሮው የአዳም ሥጋ ነው፤ ተሰባሪ። ውኃው ጥምቀት። ቃል አለመኖሩ ደግሞ የካህኑ የዘካርያስ አንደበት መታሰሩ ነው። ረቂቅ ነገር ነው የሠሩት!»

«እርስዎ ደግሞ!» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ። «ሴትዮዋ ተቀይማለች። ይኸው ነው።»

ወይዘሮ እንጉዳይ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ ጠይቃት። ምን አድርጓት ነው?»

ጠየቅሁ። አይመልሱም ብዬ ነበር። ወይዘሮ ሚራን ወለሉን እያዩ ተናገሩ፤ እኔም ምንም ሳልጨምር አስተረጎምኩ።

«አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ሠርተናል። የምንሠራበት አዳራሽ ሰዎች በእኔ ቦታ ወጣት ልጅ ሊያስገቡ ወሰኑ። ይሁን፤ ጉልበቴም ያመኛል። እሱ ግን ሁለት ወር ሙሉ እያወቀ አልነገረኝም። ሁለት ወር አብሮኝ ቁርስ በላ። የሰማሁት ከልጅቷ ነው። የመድረኩ ቀሚስ ወገቧ ላይ ይጠባት እንደሆነ ልትጠይቀኝ መጣች።»

«ሁለት ወር!» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ። «ይኸ የኔው እንኳ ሲከፋው ጠዋት ተነሥቶ በቅኔ ይናገረኛል። አይገባኝም፤ ግን ይናገራል።»

መሪጌታ ይህን እንዳልሰማ ሰው አለፉት። «ልጄ ጫኔ፣ ምነው?» አሉ።

አቶ ቻንግሱ ተነሥተው ቆሙ። እጃቸውን ደረታቸው ላይ አሳረፉ፣ ትከሻቸውን ጣሉ፣ ፊታቸው ቀስ ብሎ ፈረሰ። በዕድሜዬ ያየሁት እጅግ ያማረ ይቅርታ ነበር። ደጅ የተሰበሰቡት ልጆች አጨበጨቡ።

«እጁን!» አሉ ወይዘሮ እንጉዳይ። «ቁጭ ይበልና እጁ ላይ ይቀመጥበት። በለው።»

አስተረጎምኩ። የተሳሳትኩ መስሏቸው ደግመው ጠየቁኝ። ደገምኩላቸው። መደቡ ላይ ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ከጭናቸው ሥር አስገቡ። ፊታቸው ሊጀምር ሲል ወይዘሮ እንጉዳይ «ፊቱንም ያሳርፍ» አሉ።

ያለ እጅና ያለ ፊት አቶ ቻንግሱ ምንም አልነበራቸውም። አንድ ተራ፣ ጸጉሩ የሳሳ፣ የፈራ ሰው። ከዚያ መናገር ጀመሩ፤ እየቆራረጡ፣ እየደጋገሙ፣ አንዱን ዐረፍተ ነገር ሦስት ጊዜ እየጀመሩ ሳይጨርሱ።

አፌን ልከፍት ስል ወይዘሮ እንጉዳይ ክንዴን ያዙኝ። «አንተ ዝም በል። ለእኛ ምን ያደርግልናል? የሚሰማው ሰው እየሰማ ነው።»

ስለዚህ እዚያ አላስተረጎምኩም። እዚህም ከሁሉ አንዱን ብቻ ልጻፍ። «አንቺ የሌለሽበትን መድረክ በአፌ ካልኩት እውነት ይሆንብኛል ብዬ ፈራሁ» አሉ።

ወይዘሮ ሚራን ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። «ሰማሁ» አሉ።

መሪጌታ ምርቃት ሊጀምሩ ሲነሡ ባለቤታቸው አስቀመጧቸው። «ዕርቁ ገና ነው። ነገሩ ግን ወጥቷል። እንብላ።» ለሁለቱም ጉርሻ አጎረሱ፤ ጉርሻው ከትልቅነቱ የተነሣ ለጥቂት ጊዜ ማንም ቢፈልግ እንኳ መናገር አይችልም ነበር።

ይህን አንብባችሁ ማታውን ክፍላቸው አንድ ሆነ እንዳትሉ። አቶ ቻንግሱ አሁንም እኔ ዘንድ አደሩ። ማንኮራፋታቸው ግን ቀንሶ ነበር፤ ወይ እኔ ለምጄዋለሁ።

ዓርብ

ቡሬ መግቢያ ላይ በርበሬ ፀሐይ ላይ ተሰጥቷል። በየግቢው፣ በየቆርቆሮው ጣሪያ፣ በየምንጣፉ ላይ ቀይ በቀይ።

«እየው!» አሉ ወይዘሮ ሚራን ከኋላ። «የእናቴ ግቢ!»

አፌን በልማድ ከፈትኩ። አቶ ቻንግሱ ግን ቀድመው ዞረው ነበር። «የእናትሽ ይበልጥ ነበር» አሉ። «ጣሪያውን ረሳኸው» አሉ ወይዘሮ ሚራን። መኪና አስቁመው ወረዱ። የኮሪያ ገጠርም በመኸር እንዲሁ ነው፤ እኔም ፋብሪካ ሳለሁ አይቼዋለሁ፤ ግን እንዲህ አልናፈቀኝም። ወይዘሮ ሚራን በርበሬ ከሚለቅሙት ሴቶች መሐል ተቀምጠው ቀንጥበው መጣል ጀመሩ፤ እጃቸው ሥራውን ያውቀዋል። ወዲያው አስነጠሳቸው፤ ሰባት ጊዜ። አንዷ ሴት ነጠላዋን አውልቃ አፍንጫቸውን ሸፈነችላቸው፣ ስንነሣም አንድ ፌስታል በርበሬ ሞልታ ያዘቻቸው። እምቢ ቢሉ ትቀየማለች አልኳቸው። በዚህ ጉዞ ተጨማሪ ቅያሜ የሚፈልግ አልነበረም፤ ተቀበሉ።

የዚያን ቀን የሚሰበር ማሰሮ ጠፋ። ሸክላ የሚመጣው ለነገው ገበያ ነው አሉን። አብራን የመጣችው የሺወርቅ የምናሳይበትን ትምህርት ቤት ዞራ ያገኘችው ቢጫ ጀሪካን ብቻ ነው። አቶ ቻንግሱ አገላብጠው አዩትና «ይሁን» አሉ።

እኔ ልሸከም፣ እኔ ልሸከም፤ ጀሪካኑ ወደቀ። አልተሰበረም። ነጥሮ ዳይሬክተሩ እግር ሥር አረፈ። ዳይሬክተሩ አንሥተው በትሕትና መለሱላቸው። አቶ ቻንግሱ ወረወሩት፤ ነጠረ። ቆሙበት፤ ጎበጥ አለና ተመልሶ ቀና አለ። ትርኢቱ ጠብ ይፈልጋል፣ ጠቡ ስብራት ይፈልጋል፣ ስብራቱ እምቢ አለ። ከሕዝቡ አንዱ «ምንም ያልሆነውን ምን ያነታርካችኋል!» ሲል አቶ ቻንግሱ ወደ ባለቤታቸው አዩ፤ እውነት ግራ ገብቷቸው። ወይዘሮ ሚራን ሊያስመስሉ ሞከሩ፣ ከንፈራቸውን ነከሱ፣ ከዚያ አመለጣቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። መሬት ላይ ቁጭ ብለው ሳቁ። ከበሮው ሳይመታ ቀረ። የቡሬ ሰው መጨረሻውን አላየም፤ ማንም ግን ቅሬታ አላነሣም።

ቅዳሜና እሑድ

ቅዳሜ መንገዱን በሙሉ ተኛሁ ማለት እችላለሁ። የከበሮ ዱላውን ሆቴል የረሳው ማን ነው ብለው ከፍኖተ ሰላም እስከ ዓባይ ድልድይ ተከራከሩ፤ በቀጥታ፣ ፊት ለፊት፣ ጮክ ብለው። ሾፌሩ «አሁንስ ምን እያሉ ነው?» አለኝ። «ለእኛ ምን ያደርግልናል?» አልኩት።

እሑድ ቦሌ ሸኘኋቸው። ፌስታሏ በርበሬ በሦስት ልብስ ተጠቅልላ ሻንጣ ውስጥ ገብታለች። ሰልፍ ላይ ቆመን ወይዘሮ ሚራን እጄን ያዙኝ።

«ሴኡል ውስጥ አበባ ሊሰጡኝ፣ ንግግር ሊያደርጉልኝ አስበው ነበር» አሉ። «አልፈልግም። የእኔ የመጨረሻው መድረክ ቡሬ ነው። ልጅቷን ግን እኔው አስተምራታለሁ፤ ቀሚሱንም አሰፋላታለሁ።»

አቶ ቻንግሱ የሁለቱንም ሻንጣ ይዘው ቆመው ነበር።

«የእኔም» አሉ።

ወይዘሮ ሚራን ዞሩ። «ምን አልክ?»

«የእኔም የመጨረሻ ቡሬ ነው። እኔም በቃኝ።»

«መቼ ወሰንክ?»

አቶ ቻንግሱ የግድግዳውን ሰዓት አዩ። «አሁን፤ ሰልፉ ላይ።»

ወይዘሮ ሚራን በፓስፖርታቸው የባላቸውን ትከሻ መቱ፤ ቀስ ብለው አይደለም። ከዚያ አንዱን ሻንጣ ከእጃቸው ተቀበሉና ሰልፉ ሲንቀሳቀስ አብረው ሄዱ፤ ፍተሻው ጋ እስኪደርሱ ሲነጋገሩ ይሰማኝ ነበር።